ዌዘር ቻናል ከፍቼ የአየር ሁኔታ ለምን አጣለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ትራክ ነጂ ነኝ። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ዌዘር ቻናል መክፈት ልማዴ ነው። ድሮ በየ10 ደቂቃው የከተማችን ትንበያ ከሙዚቃ ጋር ይመጣ ነበር፤ ቡናዬን ሳልጨርስ መንገዱ ምን እንደሚመስል አውቄ እወጣለሁ። አሁን ማታ ስከፍተው በረዶ ላይ የተገለበጠ ትራክ የሚጎትቱ ሰዎች ናቸው። ቀን የምውልበትን ነገር ማታ መልሰው ያሳዩኛል! ባለፈው ውጭ መብረቁ ሲጮህ እነሱ ያንኑ ጉተታ ይዘዋል። ኬብሉ ጋ ብደውል «ቻናሉን ጠይቅ» አሉኝ። አፑ ላይ ቅሬታ ጻፍኩ፣ ዝም። መንግሥት ይህን እያየ እንዴት ዝም ይላል? ለማን አቤት ልበል? ወይስ ኬብሉን ዘግቼው ልገላገል?

ምላሽ፦ የሚከሰስ አካል የለም። ኬብሉን መዝጋት ግን ይቻላል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ጥያቄዎ ውስጥ የተደባለቁ ሦስት ነገሮች አሉ። እነሱ ካልተለዩ ገና ብዙ ስልክ ይደውላሉ። እስካሁን መልስ ያጡት ሰሚ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ የሄዱበት በር የተሳሳተ ነው።

አንደኛው፦ ዌዘር ቻናል የመንግሥት አይደለም። ሆኖም አያውቅም። ማስጠንቀቂያ ስለሚያነብ ብዙ ሰው የሕዝብ አገልግሎት ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1982 ሥራ የጀመረ የግል ድርጅት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡን ያመጣው በኤቢሲ የጠዋት ፕሮግራም ላይ የአየር ሁኔታ ያቀርብ የነበረው ጆን ኮልማን ነው። ገንዘቡን ያወጣው በፍራንክ ባተን የሚመራው ላንድማርክ የተባለ የቨርጂኒያ ኩባንያ ነበር። ቻናሉ ራሱ የሚገኘው አትላንታ ነው። ገና በዓመቱ በኪሳራ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ያተረፈው የኬብል ኩባንያዎች በየደንበኛው ጥቂት ሳንቲም ሊከፍሉት መስማማታቸው ነው። ይህችን ነገር ይያዙልኝ። ከማስታወቂያ ሌላ ቻናሉ የሚኖረው ኬብሉ ከእርስዎ የወር ሂሳብ ላይ ቆርጦ በሚሰጠው ሳንቲም ነው።

የመንግሥት ድርሻ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ ይባላል። በአገሪቱ 122 የትንበያ ቢሮዎች አሉት። ኮለምበስን የሚከታተለው ዊልሚንግተን፣ ኦሃዮ ያለው ነው። ዋናው የራዳር መረብ የመንግሥት ነው። መሣሪያ አንጠልጥሎ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው ፊኛም እንደዚሁ። የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ቁልፉን የሚጫነው ዊልሚንግተን ያለው ተረኛ ባለሙያ ነው እንጂ አትላንታ ስቱዲዮ ውስጥ ካርታ ፊት የቆመው ሰው አይደለም። ቻናሉ ያንን ተቀብሎ አሳምሮ ያቀርበዋል። የራሱ ሜትሮሎጂስቶች አሉት፣ ጎበዞችም ናቸው። የማስጠንቀቂያው ምንጭ ግን እነሱ አይደሉም። ከ2012 ወዲህ ለክረምት የበረዶ ማዕበሎች የሚሰጠው ስም እንኳ የቻናሉ የራሱ ፈጠራ ነው፤ ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ አይጠቀምበትም።

መንግሥት ለምን ዝም ይላል ላሉት መልሱ አጭር ነው። ሥልጣን የለውም። የመገናኛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍ.ሲ.ሲ. አንድ የኬብል ቻናል ምን ፕሮግራም ያሳይ የሚለውን አይወስንም። ልወስን ቢልም የንግግር ነፃነትን ከሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ጋር ይጋጫል። ስምህ «ዌዘር» ስለሆነ ሌት ተቀን የአየር ሁኔታ አሳይ የሚል ሕግ የለም። ኤፍ.ሲ.ሲ. የሚቀበለው ሌላ ዓይነት አቤቱታ ነው፤ ለምሳሌ ኬብሉ ያላግባብ ቢያስከፍልዎ ወይም የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ማስተላለፊያው ሳይሠራ ቢቀር። የእርስዎ ጉዳይ ከእነዚህ ውስጥ አይደለም።

ሁለተኛው የተደባለቀው ነገር ቴሌቪዥኑና አፑ ነው። ስልክዎ ላይ ያለው አፕና ቴሌቪዥኑ ስማቸው አንድ ነው፣ አርማቸውም አንድ ነው። ባለቤታቸው ግን አንድ አይደለም። በ2008 ላንድማርክ ሁሉንም አንድ ላይ ለኤንቢሲ ዩኒቨርሳል፣ ለብላክስቶንና ለቤይን ካፒታል ሸጠ። ዋጋው 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ድርጅቱ ለሁለት ተከፈለ። አፑን፣ ድረ ገጹንና የመረጃ ሥራውን አይቢኤም ገዛ፤ ግዢው በ2016 መጀመሪያ ተጠናቀቀ። ቴሌቪዥኑን አልፈለገውም። ቴሌቪዥኑን በ2018 የሚዲያ ባለሀብቱ የባይረን አለን ኩባንያ ወሰደው። በወቅቱ የተዘገበው ዋጋ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ነው። አይቢኤምም በበኩሉ አፑ ያለበትን ክፍል ሸጠው፤ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ፍራንሲስኮ ፓርትነርስ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ነው የያዘው።

ቁጥሮቹን ልብ ይበሉ። ሁሉም አንድ ላይ 3.5 ቢሊዮን፣ ከ10 ዓመት በኋላ ቴሌቪዥኑ ብቻውን 300 ሚሊዮን። ገንዘቡ ከሳሎን ወጥቶ ስልክ ውስጥ መግባቱን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ለእርስዎ ደግሞ ትርጉሙ ቀላል ነው። አፑ ላይ «የትራክ ጉተታውን አቁሙልን» ብለው ሲጽፉ፣ የሚያነበው ሰው በቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ላይ አንዲት ደቂቃ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሦስተኛው ነገር የሚናፍቁት ያ የከተማ ትንበያ ነው። እውነት ለመናገር ሰው የሚናፍቀው እሱን ነው እንጂ ቻናሉን አይደለም። ሰማያዊ መደብ፣ ነጭና ቢጫ ጽሑፍ፣ ከሥር ለስላሳ ጃዝ። የአሁኑ ሙቀት፣ የዛሬ ማታ፣ የነገ፣ ከዚያ ራዳሩ። ሰዓቱ በ8 ቁጥር በሚያልቅ ደቂቃ ሁሉ ይመጣል። 7፡08፣ 7፡18፣ 7፡28 እያለ። ብዙዎች አትላንታ ውስጥ ለየከተማው የሚያዘጋጅ ሰው ያለ ይመስላቸው ነበር። የለም። ከአትላንታ በሳተላይት የሚለቀቀው ምስል ለመላው አገር አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው እዚያው ኮለምበስ ኬብል ኩባንያው ሕንፃ ውስጥ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዌዘር ስታር የሚባል ኮምፒውተር ነው። ይህ ሳጥን ከምስሉ ጋር ከሚመጣው ብዙ መረጃ ውስጥ የራሱን አካባቢ ብቻ ለቅሞ ያስቀራል። ሰዓቱ ሲደርስ ገጹን ራሱ ሠርቶ ምስሉ ላይ ይለጥፈዋል። ጎረቤት ከተማ ያለው ሳጥን በዚያችው ሰከንድ ሌላ ገጽ ይለጥፋል። ለዘመኑ ብልህ ሥራ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ችግሩ ሳጥኑ የሚቀመጠው ኬብል ኩባንያው ጋ መሆኑ ነው። ሳተላይት ዲሽ ለሁሉም ቤት አንድ ምልክት ነው የሚልከው፣ የከተማ ሕንፃ የለውም። ስለዚህ የዲሽ ተመልካች በዚያ ሰዓት ለረጅም ጊዜ ያየው የትልልቅ ከተሞችን ዝርዝር ነው። በኢንተርኔት የሚመጡት የቴሌቪዥን ጥቅሎችም ይህ ሳጥን የላቸውም፤ የከተማ ትንበያ ካለም በሌላ መንገድ የሚሠራ ነው። አሁን «ኬብል» የሚሉት ነገር በእርግጥ የድሮው ኬብል ነው ወይስ ባለፉት ዓመታት ወደ ስትሪሚንግ ተቀይሯል? ከተቀየረ፣ የከተማዎ ትንበያ የጠፋው በቻናሉ ውሳኔ ሳይሆን በዚያ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ካልተቀየረ ሁለተኛው ምክንያት ነው። ተቀርጾ የመጣ ፕሮግራም በየ10 ደቂቃው ሊቆራረጥ አይችልም። ቻናሉ በ2013 መጨረሻ ትንበያውን ከስክሪኑ ግርጌ ባለ ጠባብ መስመር ላይ ያለማቋረጥ ማሳየት የጀመረውም ለዚህ ነው። መስመሯ ትንሽ ናት፣ ሙዚቃ የላትም፣ ቡና እየጠጡ ከሩቅ ለማንበብ ታስቸግራለች። ግን ትንበያው ጭራሹን አልጠፋም፤ ጉተታው በሚታይበት ሰዓትም ዓይንዎን ወደ ታች ይጣሉ።

እንግዲህ ጉተታው ለምን መጣ ወደሚለው እንምጣ። እዚህ ላይ ሕዝቡ የሚያወራው «ስግብግብነት ነው» የሚል ነው። ከፊሉ ልክ ነው፣ ሙሉ መልስ ግን አይደለም።

እርስዎ ራስዎ ቻናሉን እንዴት ነበር የሚያዩት? ከፍተው፣ ትንበያውን አይተው፣ ዘግተው ይወጣሉ። ምርጥ ተመልካች ነዎት፣ ለማስታወቂያ ሻጭ ግን ከንቱ ነዎት። የማስታወቂያ ዋጋ የሚተመነው በአማካይ ስንት ሰው ምን ያህል ደቂቃ ቁጭ ብሎ አየ በሚለው ነው። አምስት ደቂቃ አይቶ የሚሄድ ሚሊዮን ሰው፣ አንድ ሰዓት ከሚቀመጥ መቶ ሺህ ሰው ያነሰ ያስገባል። የማዕበል ታሪክ የሚተርክ፣ መኪና ሲጎተት የሚያሳይ ፕሮግራም ሰውን ያስቀምጣል። አንዴ ተገዝቶም ደጋግሞ ይታያል። ሌሊቱን ሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ ባለሙያ፣ ካሜራና ቴክኒሻን ከማቆም በብዙ ይረክሳል። ይህ ሩጫ የጀመረው ስማርት ስልክ ከመስፋፋቱ በፊት ነው፤ በ2003 የማዕበል ታሪኮች ተከታታይ ነበረው። በ2009 መጨረሻ ደግሞ አርብ ማታ ፊልም ማሳየት ሁሉ ሞክሮ ነበር። ተመልካች ተቆጣ፣ ነገሩም ብዙ አልቆየም።

ስልኩ ሲመጣ ነገሩ ባሰ። ድሮ እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነበር። አሁን ኪስዎ ውስጥ ያለው ነገር ሳይጠብቁ ይነግርዎታል። ስለዚህ ለአጭር ትንበያ ቻናሉን የሚከፍተው ሰው ቁጥር ቀነሰ፤ ቻናሉም የቀረውን ሰው ለማስቀመጥ ሪያሊቲ ሾው ጨመረ። ያ ደግሞ ለትንበያ የሚመጣውን ሰው ይበልጥ አባረረ። እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ፣ አመራሩ የራሱን ቅርንጫፍ ተቀምጦበት ቆረጠው። ሰው በአደጋ ቀን ወደ አንተ የሚመጣው በሌላው ቀን ስለለመደህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለእርስዎ ጥያቄ ትልቁ ትምህርት ያለው በ2014 በሆነው ነገር ላይ ነው። ቻናሉ ዳይሬክቲቪ ከሚባለው የሳተላይት ዲሽ ኩባንያ ጋር በክፍያ ተጣላ። በወቅቱ እንደተዘገበው ቻናሉ ያገኝ የነበረው በደንበኛ በወር 13 ሳንቲም ገደማ ነው፤ በዚያው ዘመን የስፖርት ቻናሉ ኢኤስፒኤን ከ5 ዶላር በላይ ይከፈለው ነበር። ጠቡ ስለ ሳንቲም ነው እንግዲህ። ዳይሬክቲቪ በጃንዋሪ ቻናሉን ቆረጠውና በቦታው ዌዘርኔሽን የሚባል ትንሽ ቻናል አስገባ። አንዱ ክርክሩ ልክ የእርስዎ ነበር፤ ደንበኞቻችን የሪያሊቲ ሾው ብዛት አማሯቸዋል የሚል። ወደ 20 ሚሊዮን ቤት ለሦስት ወር ያህል ቻናሉን አጣ። በኤፕሪል ሲታረቁ ቻናሉ በሥራ ቀናት የሚያሳየውን ሪያሊቲ ሾው በግማሽ ለመቀነስ ተስማማ። የአካባቢ ትንበያ ለዳይሬክቲቪ ተመልካች እንዲመለስም ተስማሙ። በቀጣዩ ዓመት ቬራይዘን ፋዮስ የሚባለው ሌላ የቴሌቪዥን አከፋፋይ ቆርጦት አኪውዌዘር የሚባል ሌላ የአየር ሁኔታ ቻናል ተካ። በዚያው በ2015 ቻናሉ ሠራተኛ ቀንሶ፣ አዳዲስ ሪያሊቲ ሾው መሥራቱን ትቶ ወደ ቀጥታ የአየር ሁኔታ ሽፋን እንደሚያተኩር አስታወቀ።

ስለዚህ ቻናሉን የሚያንቀሳቅሰው አከፋፋዩ ነው። ኬብል ኩባንያው «ቻናሉን ጠይቅ» ሲልዎ ግማሽ እውነት ነው የነገረዎ። ፕሮግራሙን አይሠራም፣ ክፍያውን ግን ይከፍላል። ውሉ ሲታደስ «ደንበኞቻችን በዚህ ምክንያት እየሄዱ ነው» የሚል መዝገብ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ቅሬታ ማቅረብ ካልቀረልዎ እዚያ ያቅርቡ። ያውም ለተራው ስልክ አንሺ ሳይሆን «መሰረዝ እፈልጋለሁ» ሲሉ ወደሚያገናኙዎ ክፍል። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩ፣ እንዲመዘግቡት ይጠይቁ፣ ይበቃል። አንድ ሰው ብቻውን ቻናል አይለውጥም። ብዙ ሰው ግን ይለውጣል። በ2025 መጀመሪያ ይኸው የባይረን አለን ኩባንያ በየከተማው ያሉትን የራሱን ጣቢያዎች ሜትሮሎጂስቶች አስወጥቶ ትንበያውን ከአትላንታ ሊያሠራ ወስኖ ነበር። የየከተማው ተመልካችና የማስታወቂያ ደንበኛ ስለጮኸ በበርካታ ጣቢያዎች ላይ ወደ ኋላ ብሏል።

ለቻናሉም ፍትሐዊ እንሁን። ትልቅ ሃሪኬን ሲመጣ ጉተታውን ጥሎ ሌት ተቀን ቀጥታ ይገባል፤ በዚህ ሥራ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። በ2018 ሃሪኬን ፍሎረንስ ሲቃረብ አቅራቢዋ ዙሪያ ውሃው 3፣ 6፣ ከዚያ 9 ጫማ ሲነሳ በኮምፒውተር ምስል አሳዩ። የባሕር ውሃ መጥለቅለቅ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ መልክ ያስረዳ ካርታ አላየሁም። ግን ይህ የሚሆነው አደጋው አገር አቀፍ ሲሆን ነው። ኮለምበስ ላይ ሌሊት ለ20 ደቂቃ የሚያልፍ ነጎድጓድ ለአትላንታ ዜና አይደለም። ባለፈው የሆነብዎ ይህ ነው። ድሮ ቢሆንም እኮ ሌሊቱን ስለ እርስዎ ሰፈር የሚያወራ አቅራቢ አልነበረም። የነበረው ሳጥኑ ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ከቴሌቪዥኑ የሚፈልጉት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ «ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው» የሚለው ነው። ሌላው «ቤተሰቤ ተኝቶ ሳለ አደጋ ቢመጣ ማን ይቀሰቅሰናል» የሚለው። ሁለተኛውን ጥያቄ ማንኛውም ቴሌቪዥን አይመልስም፤ ዌዘር ቻናል እንደ ድሮው ቢመለስም አይመልስም። ኦሃዮ ላይ ይህ ተራ ፍርሃት አይደለም። በ2019 ሜሞሪያል ዴይ ዕለት ዴይተን አካባቢ የመታው ከባድ ቶርኔዶ የመጣው ማታ ከጨለመ በኋላ ነው። በ2024 ክፍለ ግዛቱ 74 ቶርኔዶ አስመዝግቧል፤ ለኦሃዮ ከዚያ በፊት ያልታየ ቁጥር ነው። ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ቶርኔዶው እስኪደርስ ያለው ጊዜ በአማካይ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። አንዳንዴ ጭራሽ የለም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ለቤት የኖአ ዌዘር ሬድዮ፣ ማለትም የመንግሥትን የአየር ሁኔታ ሥርጭት ብቻ የሚይዝ ትንሽ ሬድዮ ይግዙ። ከ30 እስከ 50 ዶላር ባለው ዋጋ ጥሩ ይገኛል፣ ወርኃዊ ክፍያ የለውም። በአገሪቱ ከ1,000 በላይ ማሰራጫዎች አሉት፤ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ ባሉ 7 ሞገዶች ሌት ተቀን ይሠራል። የሚናገረው ራሱ ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ ነው፣ መሃል ላይ ደላላ የለም። ሲገዙ «ሴም» የሚባል የካውንቲ መለያ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። አብዛኛው ኮለምበስ ያለበት የፍራንክሊን ካውንቲ ቁጥር 039049 ነው፤ ቤትዎ በሌላ ካውንቲ ከሆነ የዚያን ይፈልጉ። ቁጥሩን ሲያስገቡ ሬድዮው ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ካውንቲዎ ላይ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ብቻ ይጮኻል። መብራት ቢጠፋ እንዲሠራ ባትሪ ይክተቱበት። መኝታ ቤት ያስቀምጡት እንጂ ሳሎን አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ። ብዙ ሰው ሬድዮውን ገዝቶ በሁለተኛው ወር ከሶኬት ይነቅለዋል፤ ለጎረቤት ካውንቲ ሁሉ እየጮኸ እንቅልፍ ስለሚነሳው። ጥፋቱ የአሞላሉ ነው። የራስዎን ካውንቲ ብቻ ያስገቡ። ሬድዮው የማስጠንቀቂያ ዓይነት የሚያስመርጥ ከሆነ «ዎች» የሚባሉትን ድምፅ ያጥፉ፣ «ዋርኒንግ» የሚባሉትን ይተዉ። ዎች ማለት ሁኔታው ተመቻችቷል፣ ነቅታችሁ ጠብቁ ነው። ዋርኒንግ ሲባል ግን አደጋው ታይቷል ወይም እየደረሰ ነው፤ የቶርኔዶ ከሆነ አሁኑኑ ወደ ቤዝመንት ይወረዳል። ቤዝመንት ከሌለ ታችኛው ፎቅ መሃል ላይ መስኮት የሌለው ክፍል።

ስልክዎም የራሱ ድርሻ አለው፣ ግን አይመኩበት። ከ2012 ጀምሮ መንግሥት በቀጥታ ወደ ስልክ የሚልከው ማስጠንቀቂያ አለ፤ አፕ አያስፈልገውም። በሴቲንግ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያው እንዳልጠፋ ያረጋግጡ። ለቶርኔዶ ዋርኒንግ ይመጣል። ለተራ ከባድ ነጎድጓድ አይመጣም፤ ነፋሱ በሰዓት 80 ማይል ወይም በረዶው የቤዝቦል ኳስ ያህል ካልሆነ በስተቀር። ትራክ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ትልቁ ጉድለቱ የክረምት በረዶ ማስጠንቀቂያ በዚህ መንገድ አለመላኩ ነው። ድንገተኛ የበረዶ ውርጅብኝ ሊመጣ ይችላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጥለው በረዶ ግን ስልክዎ ምንም አይልም። ማስጠንቀቂያው በአማርኛ አይመጣም፣ ሬድዮውም የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናት ወይም አባት ካሉ ሬድዮው ሲጮኽ ወዴት እንደሚወረድ አስቀድመው ያሳዩዋቸው። ድምፁን እንጂ ቃሉን መረዳት አይጠበቅባቸውም።

ለመንገድ ጉዳይ፣ ለዓመታት ከፍለው ያዩት ነገር ምንጩ ነፃ ነው። ዌዘር ዶት ጎቭ ገብተው ካርታው ላይ ቤትዎን ወይም የሚሄዱበትን ከተማ ይጫኑ። ለዚያች ነጥብ የሚሆን የሰዓት በሰዓት ትንበያ ይመጣል፤ ነፋሱም በረዶውም። መጨረሻው «ጎቭ» መሆኑን ይመልከቱ፣ «ኮም» ያለው አፑን የያዘው የግል ኩባንያ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ተረኛው ባለሙያ የሚጽፈው ሐተታም አለ። እንግሊዝኛው ትንሽ ሙያዊ ነው፣ ግን «ይህን ያህል እርግጠኛ አይደለንም» የሚለውን በግልጽ የሚያገኙት እዚያ ብቻ ነው። ትራኩ ላይ ሹፌሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሲቢ ሬድዮ ካለዎ፣ ብዙዎቹ የዌዘር ቁልፍ አላቸው፤ ይህንኑ የኖአ ሥርጭት ይይዛል። በሌላ ክፍለ ግዛት ሲያልፉ ከየትኛውም አፕ ይሻላል፣ ኔትዎርክ በሌለበትም ይሠራል። የኦሃዮ ትራንስፖርት ዲፓርትመንት ደግሞ የመንገድ ካሜራዎቹን በነፃ ያሳያል። ትንበያ ከማንበብ አንዳንዴ መንገዱን ማየት ይቀላል።

ቴሌቪዥን ካልቀረ የከተማዎ ጣቢያዎች አሉ። አንዴ አንቴና ከገዙ በነፃ ይታያሉ። ቶርኔዶ ሲመጣ ፕሮግራም አቋርጠው መንገድ በመንገድ የሚናገሩት እነሱ ናቸው፤ አትላንታ ያንን አያደርግልዎትም። ፎክስ ዌዘርም ከ2021 ጀምሮ በነፃ በኢንተርኔት ይተላለፋል፣ ዌዘርኔሽንም እንዲሁ። ለአገር አቀፉ ሥዕል ይበቃሉ። በኢንተርኔት የሚመጣ ሥርጭት ግን ከእውነተኛው ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንዳንዴ ከግማሽ ደቂቃ በላይ። በአደጋ ሰዓት እሱን ብቻ አይጠብቁ።

ኬብሉን ልዝጋው ወይ ላሉት፦ የያዙት ለዌዘር ቻናል ብቻ ከሆነ፣ አዎ ይዝጉት። ሌላው ቤተሰብ የሚያየው ካለ ግን ለዚህ ብለው አይዝጉ፤ ከሂሳብዎ ውስጥ የዚህ ቻናል ድርሻ ሳንቲም ነው። ከመደወልዎ በፊት ውልዎን ይመልከቱ። ጊዜው ሳያልቅ ማቋረጥ የሚያስቀጣ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔቱ ከቴሌቪዥኑ ጋር በጥቅል የተገዛ ከሆነም ቴሌቪዥኑ ሲቀር የኢንተርኔቱ ዋጋ ይጨምር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ቅደም ተከተሉን ግን አይቀይሩ። መጀመሪያ ሬድዮው ይገዛ፣ ቁጥሩ ይሞላ። ሳምንታዊ ሙከራው ብዙውን ጊዜ ረቡዕ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። አንዳንድ ሬድዮ ለሙከራው አይጮኽም፣ መብራት ብቻ ያበራል፤ ስለዚህ ያን ቀን ስክሪኑን ይዩት። ሙከራው መድረሱን ካረጋገጡ በኋላ ኬብሉ ጋ ይደውሉ።